ቀለም የቀመሰ ሰው ቀለም ይምረጥ

አገራችን የከብት አገር ናት። ስለዚህም ገበሬው የበሬውን መልክ ሲናገር ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ብሎ አያቆምም። ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ወይኖ፣ ቦራ፣ ዳማ፣ ቡላ፣ ዥጉርጉር እያለ አንዱን ከሌላው ለይቶ ይጠራዋል። ቄራ የተባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእንስሳት ማረጃው ነውና እነዚህ ቃላት በዚያ አካባቢ ለብዙ ዘመን የገበያ ቋንቋ ሆነው ኖረዋል። ገዢው በሩቁ አይቶ «ያንን ዳለቻ አምጣልኝ» ሲል ሻጩ ቡላውን ጎትቶ አያመጣለትም። እንግዲህ ዓይኑ ይህን ያህል መልክ ለመለየት የሠለጠነ ሕዝብ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ቀለም ከቀመሰ በኋላ፣ በሬ ሣል ቢሉት አንድ ቡናማ እርሳስ አንሥቶ ከቀንዱ እስከ ጭራው አንድ ዓይነት አድርጎ የሚቀባው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ ከሁለት ነገር አይወጣም። አንደኛው የእርሳሱ ጥራት ነው፤ ሁለተኛው የእርሳሱ አያያዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ተማሪውም ሆነ ከመሥሪያ ቤት መልስ ሥዕል መሞከር የሚወድ ወጣት ሠራተኛ፣ ብዙና ደካማ እርሳስ ከሚገዛ ጥቂትና ደኅና እርሳስ ቢገዛ፣ በገዛውም እርሳስ የራሱን ሰፈር ቢሥል፣ ለራሱም ለአገሩም የሚበጅ ሥራ ይሠራል የሚል አሳብ አለኝ።

የቀለም እርሳስ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ስለርሱ በጋዜጣ መጻፍ ምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ካለ እስከ ካዛንቺስ ሄዶ ይመለስ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ በሰፈሩ የሀብታሙም የድኻውም ቤት ተቀላቅሎ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ከዚህ ሰፈር ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት መናገር የዛሬው ጉዳዬ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የዚያ ሰፈር መልክ የት ተመዘገበ? የዛገው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተላጠው የጭቃ ግድግዳ፣ የደበዘዘው አረንጓዴ የእንጨት መስኮት፣ በበሩ አጠገብ የተቀመጠው የሸክላ ጀበና በማን እጅ ተሣለ?

ፎቶግራፍ አለ ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አለ። ነገር ግን በስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው መስኮቱን በአንድ ቅጽበት አንሥቶ ያልፋል እንጂ መስኮቱን አያየውም። የሚሥል ሰው ግን ከዚያ መስኮት ፊት አንድ ሰዓት ይቀመጣል። አረንጓዴው ቀለም ከሥር ሰማያዊ እንደ ነበረ፣ ዝናብ በሚመታው በኩል ወደ ግራጫ እንደ ተለወጠ፣ የቆርቆሮው ዝገት በምስማሩ ዙሪያ እንደ ጀመረ ያያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰፈሩን ያወቀ ሰው ሆኖ ይነሣል። ይህ ዕውቀት ከካሜራ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነው የእርሳሱ ጥራት ነገር የሚመጣው። አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ደክሞ የሣለውን ሥዕል ከግድግዳው ላይ ቢሰቅለውና በዓመቱ ሐምራዊው ነጥቶ፣ ሮዙ ጠፍቶ፣ ቀዩ አመድ መስሎ ቢያገኘው ድካሙ ምን ሆነ? ሰፈሩ አንድ ጊዜ ፈርሷል፤ ሥዕሉ ሲደበዝዝ ሁለተኛ ፈረሰ ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ሲገመት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ሥዕሎቻቸው ዛሬም ቀለማቸውን ይዘው ይታያሉ። በእርግጥ መጽሐፍ ተከድኖ ስለሚቀመጥ ብርሃን እንደ ግድግዳ ሥዕል አያገኘውም። ቢሆንም ቀለሙን ያዘጋጀው ሰው ለአንድ ዓመት ብሎ እንዳላዘጋጀው ግልጽ ነው። ብራናውን ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ፍቆና ወጥሮ፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት በጥብጦ፣ ሌላውንም በትዕግሥት አሰናድቶ ነበር የሚሠራው። ከሥዕሉ በፊት ዕቃውን ይመርጥ ነበር ማለት ነው። እኛ ዕቃውን ራሳችን ማዘጋጀት ትተን ከመደብር የምንገዛ ሆነናል፤ መምረጡን ግን ለምን አብረን እንተወዋለን?

ለመምረጥ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው ጥቁር እርሳስ የተጀመረው በ16ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቦሮዴል ከተባለው ስፍራ ንጹሕ ግራፋይት ከተገኘ በኋላ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1795 ፈረንሳይ በጦርነት ምክንያት የእንግሊዝን ግራፋይት ማግኘት ባልቻለች ጊዜ ኮንቴ የተባለው ሰው የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት በመተኰስ እርሳስ ሠራ። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል። የዛሬው ጥቁር እርሳስ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

የቀለም እርሳስ ግን በእሳት አይተኰስም፤ ቢተኰስ ቀለሙ ይቃጠላልና። ከእንጨቱ ውስጥ ያለው የቀለም ዘንግ የሚዘጋጀው ከአራት ነገር ነው። እነዚህም የቀለም ዱቄት፣ ዱቄቱን የሚይዝ ሰም ወይም ዘይት፣ መጠኑን የሚያበዛ ነጭ ሸክላን የመሰለ ነገር፣ እንዲሁም ማጣበቂያ ሙጫ ናቸው። ጥራትና ርካሽነት የሚለያዩት በዚህ ቅመም ነው። በርካሹ እርሳስ ውስጥ የቀለሙ ዱቄት ጥቂት፣ ነጩ ሸክላ ብዙ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሲሠምሩበት ይቧጭራል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ልጁም ቀለም ለማውጣት ሲጫነው ይሰበራል። ወጥ ቤት የገባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በርበሬው ጥቂት ሆኖ ውሃው የበዛበት ወጥ ቢያማስሉት አይቀላም።

በዚህ ሙያ ስማቸው የታወቀ ጥንታውያን ፋብሪካዎች አሉ። በጀርመን አገር በኑረምበርግ አጠገብ የሚገኘው ፋበር ካስቴል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1761 ተቋቁሞ «ፖሊክሮሞስ» የተባለውን የሠዓሊ የቀለም እርሳስ በ1908 አወጣ። የስዊስ አገሩ ካራን ዳሽ በ1931 በውሃ የሚሟሟ የቀለም እርሳስ ሠርቷል፤ ስሙም እርሳስ ከሚለው የሩስያ ቃል የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር ደርዌንት የተባለው በ1938 የቀለም እርሳስ ማውጣት ጀመረ። ይህን የምናገረው ስም እየጠሩ እንዲገዙ አይደለም፤ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም አንድ ፋብሪካ ለተማሪ አንድ ዓይነት፣ ለሠዓሊ ሌላ ዓይነት እርሳስ ይሠራልና የፋብሪካውን ስም አይቶ መግዛት ያሳስታል።

መታየት ያለበት ምልክቱ ነው። ደኅና የሠዓሊ እርሳስ በጎኑ ላይ የቀለሙ ስምና ቍጥር ተጽፎበታል፤ ያ ቀለም ሲያልቅ ያንኑ ለይቶ መግዛት ይቻላል። ብርሃንን የመቋቋም ኃይሉም ይገለጻል። ለምሳሌ ፋበር ካስቴል ይህን በኮከብ ያመለክታል፤ ሦስት ኮከብ ያለበት ከሁሉ የሚበልጠው ሲሆን አንድ ኮከብ ያለበት ቶሎ የሚደበዝዘው ነው። ሌሎችም ባለ 8 ደረጃውን የሰማያዊ ሱፍ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ በዚህ መለኪያ 1 ደካማ፣ 8 ብርቱ ነው። ምንም ምልክት የሌለበት እርሳስ ፋብሪካው ራሱ ሊመሰክርለት ያልደፈረ እርሳስ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የእርሳሱን ጫፍ መመልከት ነው። የቀለሙ ዘንግ በእንጨቱ መካከል በትክክል መቀመጥ አለበት። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ በተቀረጸ ቍጥር አንዱ ወገን እንጨት፣ ሌላው ወገን ቀለም እየሆነ ይሰበራል። ዘንጉ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ የፖሊክሮሞስ 3.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከተቻለም በቍራጭ ወረቀት ላይ ሳይጫኑ መሞከር ነው። እጅን ሳይከብድ ቀለም ከሰጠ፣ በሰማያዊው ላይ ቢጫ ሲደርቡበትም ሳያንሸራትት ተቀብሎ አረንጓዴ ካወጣ እርሳሱ ደኅና ነው።

የብርሃኑ ፈተና ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ስለሆነ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ያለውን ቀለም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በሰፊው መሠመር፣ ግማሹን በወፍራም ካርቶን መሸፈን፣ ከዚያም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፎ ለሦስት ወር መተው ነው። ካርቶኑ ሲነሣ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ጎን ለጎን ይመሰክራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ቀለም የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ስለዚህ ፈተናውን በዚሁ በከተማችን መስኮት ያለፈ ቀለም ሊታመን ይችላል።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር እንምጣ። የተማሪ ኪስ ይታወቃል፤ የወጣት ሠራተኛ ደመወዝም የወሩን መጨረሻ ሳያይ እንደሚያልቅ ይታወቃል። ደኅና እርሳስ ውድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሰው የሚሳሳተው ሙሉ ሣጥን መግዛት አለብኝ ብሎ ሲያስብ ነው። 48 ቀለም ያለው ርካሽ ሣጥን ዓይን ይማርካል፤ ሲከፍቱት ቀስተ ደመና ይመስላል። ከነዚያ ውስጥ ግን በደንብ የሚሠራባቸው ስንት ናቸው? በዚያው ገንዘብ ስድስት ወይም ስምንት ደኅና እርሳስ በነጠላ መግዛት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ከዚያም በየወሩ አንድ እየጨመሩ 12 ማድረስ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በዓመቱ ሙሉ መሣሪያ ያለው ሰው ይሆናል።

የትኞቹን ቢባል ለአገራችን መልክ የሚስማሙትን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል። ሁለት ቢጫ ይኑር፤ አንዱ ሎሚ የሚመስል፣ ሌላው የአደይ አበባን የሚመስል። ሁለት ቀይ፤ አንዱ በርበሬ የሚመስል፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ሁለት ሰማያዊ፤ አንዱ ጥልቅ፣ ሌላው የጥቅምትን ሰማይ የሚመስል። የባሕር ዛፍ ቅጠልን የሚያወጣ ፈዛዛ አረንጓዴ፤ የጭድና የጭቃ ግድግዳን የሚያወጣ የአፈር ቢጫ፤ የሸክላና የዝገት ቀለም ያለው ቀይ ቡናማ፤ የተቈላ ቡና የሚመስል ጥቁር ቡናማ፤ ጥቁር ግራጫና ነጭ። እነዚህ 12 ናቸው። በነዚህ 12 እርሳሶች የቄራን ከብት ሁሉ መሣል ይቻላል። ዳለቻው ከግራጫና ከጥቂት ሰማያዊ፣ ወይኖው ከቀይ ቡናማና ከወይን ጠጁ ቀይ፣ ቡላው ከአፈር ቢጫና ከነጭ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «ሥጋ ቀለም» አንድ ቃል ልጨምር። በውጭ አገር በተሠሩ የሕፃናት ሣጥኖች ውስጥ የሰው ገላ ቀለም ተብሎ የሚገባው ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ እንዲህ ያለውን ቀለም «ሥጋ» ብሎ ሲሸጥ ኖሮ በ1962 በአውሮፓ አቈጣጠር ስሙን ለውጦ «ኮክ» ብሎታል። የኛ ልጅ እናቱን በዚያ ሮዝ ቀለም ሲቀባት ማየት ያሳዝናል። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር እያልን የሰውን መልክ ለይተን የምንጠራ ሕዝብ ነን። የጠይም ሰው ፊት ከአፈር ቢጫ፣ ከቀይ ቡናማና ከጥቁር ቡናማ በስሱ በስሱ ተደራርቦ፣ ብርሃን በሚያርፍበት በግንባርና በጉንጭ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ተነክቶ ሲሣል ሕይወት ያገኛል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚገኘው ከአያያዝ ነው። የቀለም እርሳስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀማሪ ሰው መጀመሪያውኑ እርሳሱን ተጭኖ ሊያደምቅ ይፈልጋል፤ የወረቀቱ ሻካራ ገጽ ወዲያው በሰም ይሞላና ሁለተኛ ቀለም አይቀበልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ትክክለኛው መንገድ እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ እጅን አቅልሎ፣ ከብሩሁ ቀለም ጀምሮ ወደ ጥቁሩ እየሄዱ አምስትም ስድስትም ጊዜ መደረብ ነው። መጫን የሚፈቀደው በመጨረሻው ድርብ ብቻ ነው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ስፍራ ከመጀመሪያው መተው አለበት፤ ነጭ እርሳስ የተቀባውን መልሶ አያነጣውምና።

ጥላ ሲሠራም ወደ ጥቁር እርሳስ መሮጥ ልማድ ሆኗል። ይህ ሥዕሉን ጥላሸት የነካው ያስመስለዋል። የቢጫው ነገር ጥላ በሐምራዊ፣ የአረንጓዴው በቀይ፣ የብርቱካኑ በሰማያዊ ቢሠራ ጥላው ጠልቆ ቀለሙም ሳይሞት ይቀራል። ሰም የሚበዛባቸው እርሳሶች ሥዕሉ ካለቀ ከጥቂት ቀን በኋላ በላዩ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣሉ፤ ይህ ሻጋታ አይደለም፤ ወደ ላይ የወጣ ሰም ነው። በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ቢጠርጉት ይለቃል።

እርሳስ ሲወድቅ ዘንጉ ከእንጨቱ ውስጥ ይሰባበራል፤ ከዚያ በኋላ በተቀረጸ ቍጥር ጫፉ እየወደቀ ያልቃል። ስለዚህ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም በሣጥን ተኝቶ ይቀመጥ። የደነዘ መቅረጫ ከመጠቀም በስለታም ምላጭ በጥንቃቄ መቅረጽ ይሻላል። ያጠረውን እርሳስ ተማሪው ሁሉ እንደሚያውቀው በቢክ ቀፎ ሰክቶ እስከ መጨረሻው መሥራት ይቻላል። ወረቀቱም ቢሆን ተራው ባለ 80 ግራም የጽሕፈት ወረቀት ብዙ ድርብ አይሸከምም፤ ከ160 ግራም ጀምሮ ያለ፣ ገጹ ጥቂት ሸካራ የሆነና አሲድ የሌለበት ወረቀት ይመረጣል። ደኅና እርሳስ በመጥፎ ወረቀት ላይ ማዋል ጥሩ ዘር በድንጋይ ላይ እንደ መዝራት ነው።

አሁን ደግሞ ለወጣቱ ሹም የምናገረው አለኝ። በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት የዕቃ ግዢ ኮሚቴ አባል የሚሆኑ ከአንባቢዎች መካከል አሉ። ለሥዕል ትምህርት «የቀለም እርሳስ፣ ባለ 24» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ጨረታ የሚያሸንፈው ያው ከሁሉ የረከሰው ነው። በጽሑፉ ላይ «ቀለሙ ብርሃን የሚቋቋም፣ ዘንጉ መካከል የተቀመጠ፣ በነጠላም ሊተካ የሚችል» የሚል ሦስት ሐረግ መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ለአርባ ልጆች ከሚገዙት አርባ ደካማ ሣጥኖች ይልቅ በየጠረጴዛው በጋራ የሚሠሩባቸው አሥር ደኅና ሣጥኖች ቢገዙ ልጆቹ ቀለም መደረብን ይማራሉ፤ ዕቃ መጠበቅንም አብረው ይማራሉ። ነጋዴውም የሠዓሊ እርሳስ በነጠላ ቢሸጥ ሙሉውን ሣጥን መግዛት ያልቻለውን ብዙ ደንበኛ ያገኛል።

በሥዕል አገራችን ማፈሪያ የላትም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባያቋቁሙ ኖሮ ስንት ተሰጥኦ ሳይታይ ይቀር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከካዛንቺስ ሳይርቅ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፍራ ይዞ ይታያል። ፀሐይ በየቀኑ የምታልፈው በመስተዋቱ ውስጥ ነው፤ እንኳን ልታደበዝዘው ጭራሽ ታበራዋለች። ቀለሙ ለብርሃን ተመርጦ የተሠራ ነውና።

ለሁሉም ሰው 150 ካሬ ሜትር መስተዋት አይሰጠውም። አንድ ገጽ ወረቀትና ስድስት እርሳስ ግን ብዙዎቻችን ማግኘት እንችላለን። በሚመጣው እሑድ ከቤት ወጥቶ በሰፈሩ ካለው አንድ አሮጌ በር ፊት ተቀምጦ፣ በሩን እንደ በሬ ነጋዴው ዓይን መልኩን ለይቶ፣ በማይለቅ ቀለም የሣለ ወጣት፣ በሩ ነገ ቢነሣ እንኳ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለልጁ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።